የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

በሥነ ፍጥረት ትምህርት እንደምንማረው ዓሦች በዕለተ ሐሙስ ከውኃ ተፈጥረው ያው ውኃ ማኅደራቸውም፣ እስትንፋሳቸውም፣ ገበታቸውም ሆኖ ተሰጥቷቸዋል። እኛ በየብስ የምንኖር ሰዎች የቤታችን አየር ቢከብድብን መስኮት እንከፍታለን፣ ሰፈሩ ባይስማማን ሰፈር እንለውጣለን፤ የሐይቅ ዓሣም ውኃው በአንዱ ዳርቻ ቢበላሽበት ወደ ሌላው ዳርቻ ይሸሻል፤ ነፋሱ ማዕበሉን እያናወጠ አየር ያገባለታል፣ ወንዙ አዲስ ውኃ ያመጣለታል፣ የሐይቁ ሣርና ጭቃም ቆሻሻውን ይቀበሉለታል። በሳሎናችን ጥግ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ያኖርነው ዓሣ ግን የሚበላውም፣ የሚተነፍሰውም፣ የሚጸዳዳውም በዚያችው በጥቂት ባልዲ ውኃ ውስጥ ስለሆነ፣ ነፋሱም ወንዙም ጭቃውም እኛው ራሳችን ነን። ስለዚህ ዓሣ አሳድጋለሁ የሚል ሰው በእውነቱ የሚያሳድገው ውኃውን ነው፤ ውኃውን የጠበቀ እንደ ሆነ ዓሣውን ውኃው ይጠብቅለታል።

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአባቶች ተረት ስለ ወንዝ የተነገረ ቢሆንም፣ እኔ እውነተኛነቱን የተረዳሁት በገዛ ሳሎኔ ውስጥ ነው። ከዓመታት በፊት ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ አሠርቼ፣ አሸዋውን ደጋግሜ አጥቤ፣ ከቧንቧ የቀዳሁትን ውኃ ሞልቼ፣ በማግሥቱ ጎልድፊሽ የሚባሉትን ወርቅማ ዓሦች ሰባት አድርጌ ጨመርሁበት። ትንሿ ልጄ ማለዳ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አንድ በአንድ ትቈጥራቸው ነበርና፣ በስምንተኛው ቀን «አባዬ፣ ዛሬ እኮ ስድስት ናቸው» አለችኝ፤ በዐሥረኛው ቀን አራት ሆኑ፤ የቀሩትም ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው፣ ስንጥባቸው ደም መስሎ፣ አፋቸውን እየከፈቱና እየዘጉ አየር ይለምኑ ነበር። ውኃው ግን ከገንዳው በስተ ኋላ የተቀመጠውን መጽሐፍ አርእስት በውስጡ አሳልፎ እስኪያስነብብ ድረስ የጠራ ነበር።

በጎረቤታችን ብዙ ዘመን ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ የተገለሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩና ጭንቀቴን ብነግራቸው፣ ማታውኑ ትንሽ ሣጥን በብብታቸው ይዘው መጡ። ከገንዳው 5 ሚሊ ሊትር ውኃ በቀጭን የመስታወት ብልቃጥ ቀዱና ከሁለት ጠርሙሶች በየተራ ጠብታ እየቈጠሩ ጨመሩበት፤ ክዳኑን ዘግተው ናጡት፤ ከዚያም ብልቃጡን በነጭ ወረቀት ፊት አቁመው ሰዓታቸውን ይመለከቱ ጀመር። መጀመሪያ እንደ ሎሚ ጭማቂ ቢጫ የነበረው ውኃ ከሥሩ ጀምሮ እየጠቈረ፣ አምስቱ ደቂቃ ሲሞላ እንደ ጎመን ቅጠል አረንጓዴ ሆነ። «ጋሼ፣ ውኃው እኮ እንደ እንባ የጠራ ነው» አልኋቸው። እሳቸውም ብልቃጡን ከቀለም ሰሌዳው ጋር እያስተያዩ፣ «እንባም ጨው አለበት፤ ነገር ግን ልጄ፣ ጨውን በዓይን አይተህ አታውቀውም» አሉኝ። ይህ ቃላቸው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ስለ ዓሣ ገንዳ መናገር የምፈልገውም ሁሉ በዚህ ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ነገሩ ሲመረመር የቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ ከጥንስሱ የኬሚስት ሥራ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1850 የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ሁለት ወርቅማ ዓሦችን በውኃ ውስጥ ከሚበቅል ሣር ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ አኑሮ፣ ዓሣው የሚያወጣውን አየር ሣሩ፣ ሣሩ የሚያወጣውን አየር ዓሣው እየተቀባበሉ እንዲኖሩ ሞከረ፤ የሣሩ ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን ቢያደፈርስበትም ያን የሚበላ ቀንድ አውጣ ጨመረበትና፣ የሦስቱን ኅብረት ለኬሚስቶች ማኅበር በጽሑፍ አስረዳ። ዋሪንግተን ያስተዋለው የፍጥረትን መደጋገፍ ነው፤ ሆኖም ከሦስቱ በቀር በዓይን የማይታይ አራተኛ ማኅበርተኛ በዚያ ዕቃ ውስጥ እንደ ነበረ በእርሱ ዘመን ገና አልታወቀም ነበር።

ያን አራተኛ ማኅበርተኛ ለማወቅ አስቀድሞ መርዙን ማወቅ ያስፈልጋል። በሽማግሌው ብልቃጥ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የታየው አሞኒያ ነው፤ ይኸውም በከብት ጋጣ ውስጥ አፍንጫን የሚሰነፍጠው ነገር ነው። ዓሣ ከበላው ምግብ ሰውነቱን ገንብቶ የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ወደ ውኃው ይለቀዋል፤ ሳይበላ ወደ አሸዋው የወረደ ምግብም፣ የዓሣው ኵስም፣ የሞተ ቅጠልም እየፈረሰ ይኸንኑ አሞኒያ ያበዛዋል። አሞኒያ በውኃ ውስጥ ቀለም የለውም፤ በጥቂቱ ሲሆንም አይሸትም፤ ነገር ግን የዓሣውን ስንጥብ እያቃጠለ በውኃ መካከል ያንቀዋል። በሐይቅ ስፋት ውስጥ ከቍጥር የማይገባው ይህ ጕዳይ፣ ርዝመቱ በወርዱና በከፍታው ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል 72 ሊትር ብቻ በሚሆነው በእኔ ገንዳ ውስጥ፣ ለዚያውም በሰባት ዓሦች ላይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሞት ጽዋ ሆነ።

እግዚአብሔር ግን ፍጥረቱን ያለ ጠራጊ አልተወውም። ኪየቭ ውስጥ የተወለደው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ገደማ በዙሪክ ከተማ ሲመራመር፣ አሞኒያን እንደ ምግብ ወስደው ከኦክስጅን ጋር እያዋሐዱ በዚያ ኀይል የሚኖሩ ረቂቃን ተህዋስያን መኖራቸውን ገለጠ። ሥራው በሁለት እርከን ይከናወናል፤ የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ ሁለተኛዎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም እንደ አሞኒያ ክፉ መርዝ ነው፤ ወደ ዓሣው ደም ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል ሥራ ስለሚያስፈታው፣ ደሙ ቡናማ መልክ ይይዛል፤ ዓሣውም አየር በሞላበት ውኃ ውስጥ እንኳ ይታፈናል። ናይትሬት ግን ከሁለቱ እጅግ የለዘበ ነው፤ ባለ ገንዳው ውኃ በመለወጥ የሚያስወጣው፣ የገንዳው ሣርም የሚመገበው እርሱን ነው።

የሚደንቀው ነገር፣ ስለነዚህ ደቂቅ ሠራተኞች የነበረን እውቀት በእኛው ዕድሜ እንኳ ደጋግሞ መታረሙ ነው። ሁለተኛውን እርከን የሚሠራው ናይትሮባክተር ነው እየተባለ ብዙ ዘመን ሲጻፍ ከኖረ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990ዎቹ በተደረገ ምርምር በዓሣ ገንዳ ውስጥ የሚበዛው ናይትሮስፒራ መሆኑ ታወቀ፤ በ2005 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ከሚገኘው ትልቅ አኳሪየም ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያ ያልሆነ፣ አርኬያ ከሚባለው ወገን የሆነ፣ አሞኒያን የሚበላ ረቂቅ ፍጡር ተለይቶ ወጣ፤ በ2015 ደግሞ ሁለቱንም እርከን ብቻውን የሚፈጽም ናይትሮስፒራ ተገኘ፣ ከተገኘባቸውም ስፍራዎች አንዱ የዓሣ ማርቢያ ውኃ ማጣሪያ ነበር። ለባለ ገንዳው ግን ከስማቸው ይልቅ ጠባያቸው ይጠቅመዋል። ጠባያቸውም ሦስት ነው፤ በውኃው ውስጥ ሲንሳፈፉ ሳይሆን በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ያለ ኦክስጅን አይሠሩም፤ ተራዎቹ ባክቴሪያዎች በግማሽ ሰዓት እጥፍ ሲሆኑ እነዚህ ግማሽ ቀን፣ ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል።

ይህ ሦስተኛው ጠባያቸው ነው ትዕግሥትን ግዴታ የሚያደርገው። አዲስ ገንዳ ባዶ ቤት ነው፤ ጠራጊዎቹ ገብተው፣ ተባዝተው፣ ሥራቸውን እስኪይዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ልባም ሰው ገንዳውን ሞልቶ፣ ማጣሪያውን አስነሥቶ፣ ዓሣ ሳያገባ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣለ መለካት ይጀምራል። በመጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል፤ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ እርሱ እየወረደ ናይትራይቱ ይነሣል፤ በመጨረሻም ናይትራይቱ ወርዶ ናይትሬቱ ይታያል። ምግብ እየተጣለበት አሞኒያውና ናይትራይቱ ሁለቱም ዜሮ ሆነው የዋሉበት ገንዳ ያን ጊዜ እንግዳ ለመቀበል ተዘጋጅቷል፤ እንግዶቹም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ሁለት እየሆኑ ይግቡ። መንገዱን ማሳጠር የሚፈልግ ካለ፣ እናቶቻችን ለሊጥ እርሾ ከጎረቤት እንደሚዋሱ ሁሉ፣ ዓሦቹ ጤነኛ ከሆኑበት ከአሮጌ ገንዳ ጥቂት የማጣሪያ ስፖንጅ ይለምን፤ ስፖንጁ ሳይደርቅ በዚያው ገንዳ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይምጣ። ከዚህ በቀር ግን ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንጂ የሚዘለል ደረጃ የለም።

አሁን ወደ ልኬቱ እንመለስ። የውኃ መመርመሪያ በሁለት ዓይነት ይገኛል፤ አንዱ ውኃ ውስጥ ተነክሮ የሚወጣ ወረቀት ነው፣ ሁለተኛው በጠብታ የሚሠራው ነው። ወረቀቱ ፈጣን ነው፤ ጠብታው ግን ይበልጥ ይታመናል። በጠብታው የሚሠራ ሰው ብልቃጡን አስቀድሞ በገንዳው ውኃ ያለቅልቀው፤ ውኃውን እስከ መስመሩ ልክ ይቅዳ፤ ጠርሙሱን ሳያጋድል ቀጥ አድርጎ ይዞ ጠብታውን ይቍጠር፤ ብልቃጡን በክዳኑ እንጂ በጣቱ ዘግቶ አይናጠው፤ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል ጠብቆ፣ በቀን ብርሃን፣ በነጭ ወረቀት ፊት ከቀለም ሰሌዳው ጋር አስተያይቶ ያንብብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በናይትሬት መለኪያ ላይ ነው፤ ከሁለቱ ጠርሙሶች የሁለተኛው መድኀኒት በሥሩ ስለሚረጋ፣ ጠርሙሱ በኀይል ካልተናጠ ናይትሬቱ ብዙ ሆኖ ሳለ ጥቂት መስሎ ይታያል። መድኀኒቶቹ መርዝ ናቸውና ከሕፃናት ይራቁ፣ ጊዜያቸው ያለፈባቸውም ይጣሉ፣ የተመረመረው ውኃም ፈጽሞ ወደ ገንዳው አይመለስ።

የሚፈለገው ቍጥርም ይህ ነው። አሞኒያና ናይትራይት በተደላደለ ገንዳ ውስጥ ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ከዜሮ በላይ የታዩ እንደ ሆነ በገንዳው ውስጥ የተበላሸ ነገር አለና ምክንያቱ ይፈለግ። ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም ባይበልጥ መልካም ነው፤ ከ40 ሲያልፍ ውኃ የመለወጫው ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ፒኤች ለአብዛኞቹ የቤት ዓሦች ከ6.5 እስከ 8 ባለው ውስጥ ሆኖ የማይዋዥቅ ይሁን፤ ዓሣ ከተለመደው ጥቂት የራቀ ነገር ግን የጸና ውኃ ይስማማዋል እንጂ፣ ዛሬ ወጥቶ ነገ የሚወርድ ውኃ አይስማማውም።

ፒኤች የውኃውን አሲድነትና አልካሊነት የሚለካ መስፈርት ነው፤ ያወጣውም ዴንማርካዊው ሊቅ ሶረንሰን፣ በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ላቦራቶሪ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1909 ነው። 7 መካከለኛ ሲሆን ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካሊ ነው፤ እያንዳንዱም እርከን ዐሥር እጥፍ ልዩነት ስላለው፣ ከ7 ወደ 8 መውጣት ትንሽ እርምጃ አይደለም። ይህ ቍጥር ከአሞኒያ ጋር ያለው ዝምድና ሊታወቅ ይገባል። አሞኒያ በውኃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ መርዛማው አሞኒያ፣ ሁለተኛው እምብዛም የማይጎዳው አሞኒየም ነው፤ መለኪያችን ሁለቱን ደምሮ ያሳያል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ላይ ከመቶ 5 ያህል ይሆናል፤ ፒኤች 9 ላይ ከመቶ 36 ይደርሳል። ስለዚህ ያው አንድ አረንጓዴ ቀለም በአንዱ ቤት ማስጠንቀቂያ፣ በሌላው ቤት የሞት ፍርድ ሊሆን ይችላል፤ አንዱን ቍጥር ከሌላው ለይቶ የሚያነብብ ሰው ነገሩን በግማሽ ያነብባል።

ሌላም ከዚህ የረቀቀ ነገር አለ። ጠራጊዎቹ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ሲለውጡ አሲድ ይፈጥራሉ፤ ይህን አሲድ የሚያበርደው በውኃው ውስጥ የሟሟው ካርቦኔት ነው። ካርቦኔቱ እስካለ ድረስ ፒኤቹ እንደ ምሰሶ ይጸናል፤ ውኃ ሳይለወጥ ወራት ባለፉ ጊዜ ግን ካርቦኔቱ ያልቅና ፒኤቹ ይወድቃል፤ ባክቴሪያዎቹም በአሲድ ውኃ ውስጥ ሥራቸውን ስለሚያቆሙ አሞኒያው ጕዳት በሌለው በአሞኒየም መልክ ይከማቻል። ባለቤቱ ድንገት ተቈጭቶ ውኃውን ከሞላ ጎደል በአዲስ ቢለውጠው፣ አዲሱ ውኃ ፒኤቹን ከፍ ሲያደርገው የተከማቸው አሞኒየም ወደ መርዛማው አሞኒያ ይመለስና ዓሦቹ በዚያው ሌሊት ያልቃሉ። «ውኃ ለወጥሁላቸውና ሞቱብኝ» የሚሉ ሰዎች አዘውትረው የሚያለቅሱት በዚህ ምክንያት ነው፤ በእነርሱ ላይ የደረሰው የዚያች ዕለት ጥፋት ሳይሆን የብዙ ወራት ቸልተኝነት ነው። የቈየ ገንዳ እንግዲህ ውኃው በትንሽ በትንሹ፣ በየሁለት ቀኑ፣ እየተለካ እየተለወጠ ይታከም።

በአዲስ አበባ ዓሣ የሚያኖር ሰው ደግሞ በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው የተለየ ዕዳ አለበት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ የአየሩ ክብደት በጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በአየሩ ልክም በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ይቀንሳል። በጠረፍ 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በአዲስ አበባ ያው ውኃ ከ6.2 እምብዛም አይበልጥም፤ ውኃው እየሞቀ በሄደ መጠንም ይህ ይጐድላል። ስለዚህ በዝቅተኛ አገር ለተጻፈ መመሪያ የሚበቃው የዓሣ ቍጥር ለደጋ ሰው ይበዛበታል፤ የአየር ፓምፑም ለእኛ ጌጥ ሳይሆን ግዴታ ነው። በሌላ በኩል የደጋው ብርድ ለወርቅማ ዓሣ ይስማማዋል፤ እርሱ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ውኃ ያለ ማሞቂያ ይኖራልና፣ ከ24 ዲግሪ በላይ ከሚፈልጉት የቈላ ዓሦች ይልቅ ለጀማሪ የሚመከረው እርሱ ነው፤ ብቻ ሰውነቱ ትልቅ፣ ቆሻሻውም ብዙ ስለሆነ ሰፊ ገንዳ ይሻል።

ከቧንቧ የሚቀዳው ውኃም መመርመር ይገባዋል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ተጣርቶ የሚመጣው ውኃ እኛን ከበሽታ እንዲጠብቀን ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ለእኛ ጠባቂ የሆነው ክሎሪን ለዓሣ ስንጥብና ለጠራጊዎቹ ባክቴሪያዎች ግን ገዳይ ነው። በባልዲ ወይም በሰፊ በርሜል ተከፍቶ አንድ ቀን ሙሉ ቢያድር፣ ይልቁንም የአየር ፓምፕ ቢገባበት፣ ክሎሪኑ በኖ ይጠፋል፤ ለሚቸኵል ሰው ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት ጠብታ በዓሣ ሱቆች ይሸጣል። ክሎራሚን በሚባለው መድኀኒት ውኃቸውን በሚያክሙ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ክሎራሚን አድሮ እንደማይበን ይወቁ፤ ለእነርሱ ማደሩ አይበቃም፣ ጠብታው ያስፈልጋቸዋል። ከአቃቂ ጕድጓዶች የሚወጣውን የመሰለ የከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ ከግድብ ውኃ ይልቅ ማዕድን ሊበዛበት ስለሚችል፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የዛሬው ጀሪካን ከትናንቱ ጋር አንድ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ከሮቶም ሆነ ከቧንቧ የተቀዳው ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ፒኤቹና ሙቀቱ ይለካ።

መብራት የሚጠፋበት ጊዜ ሌላው ፈተና ነው። ማጣሪያው ሲቆም በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን እያጡ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራሉ፤ ዓሦቹም ያለውን ጥቂት ኦክስጅን ይሻሙበታል። በዚህ ጊዜ ምግብ መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ የተራበ ዓሣ ቀናትን ይታገሣል፣ የታፈነ ዓሣ ግን ሰዓታትን አይታገሥም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ያለው ሰው ያን ያስነሣ፤ የሌለው በኩባያ ከገንዳው እየቀዳ ከከፍታ መልሶ ያንቈርቍር፤ መብራቱ ዘግይቶ የመጣ እንደ ሆነም ተዘግቶ የቈየው ማጣሪያ ውስጥ ያለው ውኃ ተደፍቶ ስፖንጁ በገንዳ ውኃ ሳይለቀለቅ ማጣሪያው አይነሣ፤ በማግሥቱም አሞኒያው ይለካ።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሥራ ግን ቀላሉ ነው፤ እርሱም በየሳምንቱ የገንዳውን አንድ አራተኛ ውኃ መለወጥ ነው። ነገሩ በሒሳብ ይታያል። ናይትሬቱ በሳምንት በሊትር 10 ሚሊ ግራም የሚጨምር ገንዳ ሳምንት ሳምንት ሩቡ ቢለወጥለት፣ ከጊዜ በኋላ ከ40 ሳያልፍ ይቆማል፤ ግማሹ ቢለወጥለት ከ20 አያልፍም፤ ምንም ባይለወጥለት ግን የሚያቆመው ወሰን የለም። ውኃው ከአሸዋው ውስጥ ቆሻሻውን እየሳበ በቱቦ ይውጣ፤ ከወጣውም ውኃ በባልዲ ተወስዶ የማጣሪያው ስፖንጅ በዚያ ይጨመቅ። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ እስኪነጣ የሚያጥብ ሰው ቤቱን አጸዳሁ ብሎ የቤቱን ጠራጊዎች ማባረሩ ነው። ምግቡም ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ ይሁን፤ በገንዳ ውስጥ ከሚደርሰው ጥፋት ብዙው የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከርኅራኄ ብዛት፣ ከእጅ በሚወረወር ትርፍ ምግብ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው አንድ ደብተር ነው። ሽማግሌው ጎረቤቴ ሣጥኑን ሲያውሱኝ አብረው የሰጡኝ ትእዛዝ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ፒኤቹን፣ አሞኒያውን፣ ናይትራይቱንና ናይትሬቱን በአንድ መስመር እንድጽፍ ነበር። የተረፉት አራቱ ዓሦች በየቀኑ ሩብ ውኃ እየተለወጠላቸው ከሁለት ወር የሚበልጥ ጊዜ ከቈዩ በኋላ፣ በዚያ ደብተር ላይ በአሞኒያና በናይትራይት ዐምድ ሥር ሁለት ዜሮዎች ጐን ለጐን የተጻፉበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ የጻፈቻቸውም ልጄ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ዓሦቹን መቍጠር ትታ ቅዳሜ ቅዳሜ ብልቃጥ መናጥ ያዘች፤ አራቱም ዓሦች አልጐደሉባትም።

ይህ ጕዳይ የሳሎን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን እንመልከት። በሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ጎጇቸውን የሚሠሩት ነጫጭ ፔሊካኖች ለዓሣ ወደ ጎረቤቱ ወደ አብያታ ሐይቅ ይበርሩ ነበር። ወደ አብያታ ይገባ የነበረው ውኃ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ ከሐይቁም ውኃ ለሶዳ አሽ ማምረቻ እየተሳበ፣ ሐይቁ በሸሸ ቍጥር ጨዉና አልካሊነቱ እየበረታ ሄደ፤ ዓሦቹም ጠፉ፣ ፔሊካኖቹም ምግባቸውን ሌላ ስፍራ ለመፈለግ ተገደዱ። በ72 ሊትር ገንዳ ውስጥ የምናየው ሕግ በሐይቅም ውስጥ ያው ነው፤ ውኃ የሚገባበትና የሚወጣበት ሚዛን ሲፈርስ በውስጡ የሚኖረው ይጠፋል፤ ልዩነቱ በሐይቅ ላይ የሚደርሰው ቀስ ብሎ ስለሚደርስ ዓይናችን ዘግይቶ ማየቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለልጆችህ ዓሣ ልትገዛላቸው ያሰብህ እንደ ሆነ፣ ከዓሣው በፊት መመርመሪያውን ግዛ፤ ገንዳውን ሞልተህ ስድስት ሳምንት ታገሥ፤ ደብተርና እርሳስ በአጠገቡ አኑር። ውኃው ስለ ጠራ አትመን። ዓሣ በአፉ አይናገርም፤ የሚናገርለት ያ ጠብታ የፈሰሰበት ብልቃጥ ነውና፣ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ቁመህ ስማው።